የሪፈረንስ ሥልጠና አዘጋጂ ተብያለሁ፤ አምስት ቀን አለኝ፤ ምን ላስተምር?

ፀጥታ_ይከበር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስሙ ይቅር። ሪፈረንስ ክፍሉን፣ ማለትም ተገልጋይ ጥያቄ ይዞ የሚመጣበትን ዴስክ፣ ከያዝኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ሰሞኑን አለቃዬ ጠራኝና «ለ14 ሠራተኛ ከፍተኛ የሪፈረንስና የመረጃ አገልግሎት ሥልጠና አዘጋጂ» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያለፈውን ዓመት ፕሮግራም ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ደስታዬ እዚያው በረደ። አንደኛው ቀን የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ከእስክንድርያ ጀምሮ። ሁለተኛው ቀን ኮሃ (የላይብረሪ ሥራ ሶፍትዌር)። ሦስተኛው ዲስፔስ (የዲጂታል ጽሑፎች ማከማቻ ሶፍትዌር)። አራተኛው «የደንበኛ አያያዝ»። አምስተኛው ሰርተፍኬትና ፎቶ።

ኮሃ አያስፈልግም አላልኩም። ግን ችግራችን ሌላ ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር አንድ የታሪክ ተማሪ መጥቶ «የ66ን ሄራልድ እፈልጋለሁ» ይላል። ተረኛዋ ልጅ ታታሪ ናት። ውስጥ ገብታ የ1966ን ጥራዝ ተሸክማ ወጣች። አቧራውን ጠርጋ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሰጠችው። ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገለበጠ። የሚፈልገው የታክሲ ሹፌሮቹን አድማ ነው፣ የካቲት 1966ን። ሄራልድ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስለሆነ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እፊቱ የተዘረጋው ጥራዝ በእኛ የ58 እና የ59 ዓ.ም. ወሬ ነው። አድማው ሊነሣ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል!

ልጁ «የለም» ብሎ ሄደ። መዝገቡ ላይም «አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። ማታ መዝገቡን ሳይ ነው የገባኝ። በማግስቱ ዶርሙ ድረስ አስፈልጌው የ1974ን ጥራዝ፣ ፌብሩዋሪን ከፍቼ ሰጠሁት።

እንግዲህ ይህንን የትኛው ቀን ላይ ነው የማስተምረው? ኮሃ ላይ ነው? የደንበኛ አያያዝ ላይ? ልጅቷ እንደሆነ ፈገግ ብላ ነው ያስተናገደችው።

---

የካርድ_ሳጥን · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ልጄ፣ አንጀቴን በላሽው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ይህ የዘመን ቁጥር ነገር ግን ስንቱን ተማሪ ባዶ እጁን እንደሸኘ በዓይኔ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ እስክንድርያን ሰርዢ። ነፍስ ይማር፣ ከተቃጠለ ቆይቷል።

ሁለተኛ፣ ሰው ዴስክ ላይ መጥቶ መጀመሪያ የሚናገረውን እንደ ሰላምታ ቁጠሩት። ገና ጥያቄው አልመጣም። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው «ስለ ቤት ሕግ መጽሐፍ አላችሁ?» አሉኝ። እኔም በኩራት የፍትሐ ብሔሩን ሕግ አውጥቼ እፊታቸው አኖርኩ። ያን የሚያህል ጥራዝ! ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። አንድ ገጽ አልገለጡም። እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አድርገው ዝም።

ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «አባቴ፣ ነገሩ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ያኔ ወጣ። የአባታቸው ቤት በ67 «ትርፍ» ተብሎ ተወርሷል። ቤተ ዘመድ ተጣልቷል። አንዱ ወንድም «አዋጁን ራሱን ካላየሁ አላምንም» ብሏል። የፈለጉት ነጋሪት ጋዜጣ ነበር፣ አዋጅ ቁጥር 47። ጥቂት ገጽ። ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ደረታቸው ኪስ ውስጥ አጥፈው ከተቱት።

ሲወጡ «ልጄ፣ ያዋጣኛል?» አሉኝ። «እሱን ጠበቃ ይንገርዎት፣ እኔ ወረቀቱን ነው የማውቀው» አልኳቸው። ይህንንም አስተምሪ። ላይብረሪያን ሐኪምም ዳኛም አይደለም።

አንድ መልመጃ ልስጥሽ። ይህ አዋጅ በአማርኛው 47/1967 ይባላል፣ በእንግሊዝኛው 47/1975። ለግማሹ ሠልጣኝ በአንዱ ስጪ፣ ለግማሹ በሌላው። ከዚያ አንድ አዋጅ ይሁን ሁለት ጠይቂያቸው። ጉዱን ታያለሽ።

---

ጉግል_ይበቃል · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰዎች፣ አታካብዱ። እኔ አይቲ ነኝ። ላይብረሪያችን ዴስክ ላይ ለአንድ ሳምንት ተቀምጬ አይቻለሁ። የሚጠየቀው ምን መሰላችሁ? «የዋይፋይ ፓስወርድ ስንት ነው?» «ሽንት ቤት በየት ነው?» «ፕሪንተሩ ለምን አይሠራም?» ለዚህ አምስት ቀን? ሌላው ሁሉ ስልክ ላይ አለ።

---

ፀጥታ_ይከበር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡26

@ጉግል_ይበቃል ጥሩ። የየካቲት 1966ን ሄራልድ ስልክህ ላይ ፈልገህ ገጹን ላክልኝ። ቡና በእኔ።

---

ጉግል_ይበቃል · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

እሺ፣ ቡናው ቀረ። ስለ አድማው የተጻፈ ሞልቷል፣ የጋዜጣውን ገጽ ግን አላገኘሁትም።

ቢሆንም የእኔ ነጥብ አለ። የዋይፋዩን ጥያቄ ለተማሪ ረዳት ስጡት፣ ወይ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት። የሠለጠነ ሰው «ሽንት ቤት በስተግራ» ሲል መዋል የለበትም።

---

የካርድ_ሳጥን · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

አሁን ቁም ነገር ተናገርክ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡30

ከሜሪላንድ ነኝ፣ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። እናንተ ጋ ሊነጋ ሲል እኔ ጋ ገና ምሽት ነው።

ጋሼ የካርድ_ሳጥን የነገሩን ነገር በትምህርቱ ዓለም ስም አለው። ሮበርት ቴይለር የሚባል ሰው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል። ጥያቄ አራት ደረጃ አለው ይላል። መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ቃል ያልወጣለት ጉድለት ነው። ቀጥሎ ለራስ የሚታወቅ፣ ግን የተምታታ ነገር ይሆናል። ከዚያ በቃል የተቀመጠ ጥያቄ። መጨረሻ ላይ ዴስክ ላይ የሚደርሰው «ላይብረሪው ይኖረዋል» ብሎ ሰውዬው የገመተው ነው። የጋሼ ሽማግሌ «ስለ ቤት ሕግ መጽሐፍ» ያሉት አራተኛው ነው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው የወንድማቸው ነገር ነበር። ሪፈረንስ ኢንተርቪው የሚባለው እንግዲህ ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው መልሶ መውረድ ነው።

እዚህ አገር ሌላም ነገር ተሞክሯል። ፒተር ኸርነንና ቻርልስ ማክሉር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተገልጋይ መስለው የሚጠይቁ ሰዎች ወደ ላይብረሪዎች ላኩ። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ውጤቱን በ1986 ሲያወጡት ትክክለኛ መልስ የተሰጠው 55 በመቶ ያህሉ ላይ ብቻ ነበር። ልፋ ያለው ባለሙያ ግማሽ በግማሽ! አለካኩ ላይ የተከራከሩ አሉ፣ ቁጥሩ ግን የሙያው ቁስል ሆኖ ቀረ። ፈተናው ርካሽ ነው፣ እናንተም ትችላላችሁ። ከሥልጠናው በፊት አስር ጥያቄ አዘጋጁ። ጓደኛ ላኩ። መልሱን መዝግቡ። ማንንም አታሳፍሩበት፣ የት እንደምንስት ለማወቅ ብቻ ነው።

አንድ ቃል ግን ከአፋችሁ አውጡ። «ለምን?» የሚለውን። «ለምን ፈለግከው?» በአማርኛ የጣቢያ ጥያቄ ነው። ሰው ይደነግጣል፣ በተለይ እኛ። «ምን ላይ ልታውለው አስበህ ነው?» ብትሉት ይዘረግፈዋል። ልዩነቱን ሠልጣኞቻችሁ ጮክ ብለው እየደጋገሙ ይለማመዱት።

ከራሴ ዴስክ አንድ ልጨምር። አንዲት እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው «የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ» አሉኝ። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ወደ ቋንቋ መደርደሪያው ነው የሚወስዳቸው። «እማማ፣ እንግሊዝኛው ለምን ጉዳይ ቸኮለብዎ?» አልኩ (አዎ፣ «ለምን» አልኩ፣ ግን አነጋገሩን እዩት)። በሁለት ሳምንት ውስጥ የዜግነት ፈተና አለባቸው። ሲቀጥል ደግሞ ሌላ ወጣ፦ ቅጹ ላይ ያለው የልደት ዘመናቸው አንድ ዓመት ተዛብቷል። ጥቅምት ነው የተወለዱት፣ የሞላላቸው ሰው ስምንት ደመረ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ነው የሚደመረው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ነው ስምንት። እኔ ቅጹን አልነካሁም፣ አይፈቀድልኝም። በነፃ የሚረዳ የሕግ ድርጅት ስልክ ጽፌ፣ ራሴ ደውዬ አገናኘኋቸው።

---

ሆሄ_ለቃሚ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ካታሎገር ነኝ፣ መጻሕፍቱን ካታሎግ ውስጥ የምመዘግብ። እኛን ማንም አያስታውሰንም፣ ዛሬ ግን ተራዬ ነው።

እህቴ፣ ከፕሮግራምሽ ላይ ግማሽ ቀን ለሆሄ ስጪ። እባክሽ። እነሆ ሒሳቡ። «ኃይለ ሥላሴ» ብለሽ ካታሎግ ፈልጊ። የመጀመሪያው ፊደል ኃ፣ ሃ፣ ሀ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ሊሆን ይችላል፦ ስድስት። ሁለተኛው ላይ ሥ ወይም ስ፦ አሥራ ሁለት። ተነጣጥሎ ወይም ተጣብቆ፦ ሃያ አራት። «ሤ»ን ከጨመርሽ አርባ ስምንት። አንድ ስም ነው! ያውም በላቲን የተጻፈውን ገና አልቆጠርኩም። ሲስተማችሁ እነዚህን ፊደሎች እንዲያቀራርብ ካልተስተካከለ አንዱን ጽፎ «አልተገኘም» የሚል ሠራተኛ አርባ ሰባቱን አላየም ማለት ነው።

መልመጃው ቀላል ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በካታሎጋችሁ በስንት መንገድ ማግኘት እንደሚቻል ይቁጠሩ። «ጸሀፊ» የሚለውንም አትርሺ፣ ማለትም ጸሐፊ፣ ማለትም ፀሀፊ። (ይቅርታ፣ ሱስ ነው።)

ሌላው የሰው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በካታሎግ ሕጉም ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚገባው በራሱ ስም ነው፣ ከዚያ የአባት ስም ይከተላል። የውጭ ጆርናል ግን ይገለብጠዋል። አበበ ከበደ ቢሆን ስሙ «ከበደ፣ አ.» ይሆናል። እዚያ ውስጥ አበበም፣ አለሙም፣ አስቴርም፣ አያልነሽም አሉ። ተማሪ «የአድቫይዘሬን አርቲክል አጣሁት» ሲል ዘጠኝ ጊዜ ከአስር ነገሩ ይኸው ነው። በራሱም በአባቱም ስም፣ በሁለት ሦስት የላቲን አጻጻፍ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ስም ጋር አጣምሮ መፈለግን ተለማመዱ።

---

አበል_የት_አለ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሁሉም ጥሩ። ሻይ ቡና አለው? አበሉስ? ያለ አበል 14 ሰው አምስት ቀን ከመጣ እኔ ስሜን እቀይራለሁ።

---

ፀጥታ_ይከበር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡12

አበል የለም። ሻይና ዳቦ አለ። ስም ምረጥ።

---

ነጭ_ጋዋን · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡45

ሕክምና ላይብረሪ ነው የምሠራው። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ላይ ልምጣ፣ እስካሁን ሰላምታውን ነው ያወራችሁት።

እኛ ጋ አንድ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ይመጣና «ስለ ደም ማነስ አርቲክል አውጣልኝ» ይላል። ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ይህን ብቻ ብትጽፍ የሚመጣልህን ለማንበብ አንድ ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ቁጭ እናደርገዋለን። የማን ደም ማነስ? የነፍሰ ጡሮች። ምን ተደርጎላቸው? የብረት ኪኒን ተሰጥቷቸው። ከምን ጋር ሊወዳደር? ካልወሰዱት ጋር። ምን እንዲታይ? የሕፃኑ ክብደት። አራቱ ሲሞሉ ጥያቄው አጥንት አወጣ። እኛ ፒኮ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ በመካከል ዝም ይላል። ሦስተኛውን አስቦበት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ኪቦርድ የሚነካው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ ተመሳሳይ ቃላትን በ«ኦር» ሰብስብ፣ ቡድኖቹን በ«ኤንድ» አገናኝ። (አንድ ሠልጣኝ «አንድ» ብሎ በአማርኛ ጽፎ ምንም አልመጣለትም፣ ሙሉ ቀን ስቀናል።) አኒሚያን (ደም ማነስን) አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ የሚጽፉበት ፊደል አንድ ብቻ ይለያያል። በቃል ብቻ ከፈለግክ የአንዱን ወገን ጽሑፍ ልታጣ ትችላለህ። ለዚህ ነው ፐብሜድ ሜሽ የሚባል የራሱ የቃላት ዛፍ ያለው። ሠልጣኞቻችሁ ዛፉን ከላይ ወደ ታች ይውረዱት።

ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስቦ የሚመዝን ጥናት) የሚሠራ መምህር ከመጣ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። የትኛው ዳታቤዝ ተፈለገ፣ በየትኛው ቀን፣ ቃል በቃል ምን ተብሎ፣ ስንት ወጣ፣ ስንቱ ተደጋገመ። ፕሪዝማ የሚባለው መመሪያ ይህን ሁሉ ይጠይቃል፣ አዲሱ የ2020 ነው። ይህን የሠራ ላይብረሪያን ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆኖ ስሙ ሊገባ ይገባል። እኛ ጋ የሚገባው «ምስጋና» ውስጥ ነው፣ እሱም ከታሰበ።

ስለ ሂናሪ፣ የጤና ጆርናሎች ስለሚነበቡበት በር፣ ሳልናገር ብወጣ ኃጢአት ነው። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል አለ፣ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በነፃ። ለግብርና አጎራ አለ፣ ለአካባቢ ኦአርኢ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ጎአሊ። ሁሉም በሪሰርች ፎር ላይፍ ሥር ናቸው። ግን አንድ ቦታ ስሠራ ፓስወርዱ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ሰውየው ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ጠቅላላ ግቢው ጆርናል አልነበረውም! በሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ላይ «ፓስወርዱ ማን ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ዝም ካሉሽ ከዚያ ጀምሪ።

---

የማታ_ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ላይብረሪያን አይደለሁም። ማስተርሴን በማታ እየተማርኩ ነው። ከዴስኩ ማዶ የቆመ ሰው ልሁንላችሁ።

እኛ የማንጠይቀው አፍረን ነው። ዴስክ ላይ ያለው ሰው ስልኩን ጎንበስ ብሎ እያየ ከሆነ አልፈን እንሄዳለን። ሌላው፣ መልስ ሲሰጡን በጣታቸው ወደ መደርደሪያው ይጠቁማሉ። «እዚያ ጋ።» እዚያ የት? ተነሥቶ አብሮኝ አምስት እርምጃ የሄደ አንድ ሰው ነው የማውቀው፣ እስከ ዛሬ ስሙን አልረሳም።

ከዚያ ማታ ቤቴ ቻትጂፒቲን እጠይቃለሁ። አያሳፍረኝም። ግን ጉድ ሠራኝ። ለፕሮፖዛሌ 18 ሪፈረንስ ሰጠኝ። አድቫይዘሬ አምስቱን ከበበና «እነዚህን አምጣቸው» አለኝ። ሁለት ቀን ፈለግኩ። አጣሁ። ሞኝ የሆንኩ መሰለኝ።

---

ነጭ_ጋዋን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ ሞኝ አይደለህም። የሉም። ፈጥሯቸው ነው።

አጣሪውን መንገድ ልንገርህ፣ ለሠልጣኞቹም ይሁን። መጀመሪያ ዲ ኦ አይ ቁጥሩን (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) መፈለጊያው ላይ አስገባ። ወይ የትም አይወስድህም፣ ወይ ስለ በቆሎ ስትጠይቅ የኩላሊት ጽሑፍ ይከፍትልሃል። ቁጥር ከሌለው ጆርናሉን ፈልግ። ጆርናሉ አብዛኛውን ጊዜ አለ! ቮልዩሙም አለ። ዓመቱ ከቮልዩሙ ጋር ይገጥማል ወይ? ከዚያ የዚያን እትም ማውጫ ክፈትና የተሰጠህን ገጽ እይ። እዚያ ገጽ ላይ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ጽፎበታል። ደራሲዎቹም በሕይወት ያሉ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ ያንን ጽሑፍ ብቻ አልጻፉትም። የሚያታልለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ እውነት ይመስላል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እንዲህ የተፈጠሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው አቤቱታ አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ስለዚህ @የማታ_ተማሪ በፕሮፖዛል ደረጃ መያዝህ ዕድል ነው። እህቴ፣ የዚህን ልጅ 18 ሪፈረንስ በፈቃዱ ለምኚና ለሥልጠናው አድርጊው። ከዚህ የተሻለ የፈተና ወረቀት አታገኚም።

---

የማታ_ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ፈቅጃለሁ። ስሜን ቁረጡት ብቻ።

---

የካርድ_ሳጥን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

አንድ ነገር ቀርቶኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሁሉም መልስ እናንተ ሕንፃ ውስጥ የለም። ጥሩ ሪፈረንስ ላይብረሪያን የሌላውን ቤት በር ያውቃል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለ አገራችን የተጻፈውን ሲሰበስብ ኖሯል። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) በሕግ ከየአሳታሚው ቅጂ የሚረከብ ቤት ነው። የብራና ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ እጅ አትስጡ። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የአድባራትና የገዳማት መጻሕፍት ቅጂ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል አለ። አሁን ብዙው ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፣ ተመዝግቦ በነፃ ይነበባል። ከጎንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ መምጣት የለበትም ልጁ።

የታሪክ ክፍል የድሮ ተማሪዎች ሲኒየር ኤሴይም (የመመረቂያ ጽሑፍ) አለ። ማንም አይጠቅሰውም። ግን ያኔ በሕይወት የነበሩ ሽማግሌዎችን ጠይቀው የጻፉት ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ የሉም።

ሠልጣኞቹ እያንዳንዳቸው አንድ ስልክ ይደውሉ። እውነተኛ ስልክ። «እንዲህ ያለ ነገር እናንተ ጋ አለ ወይ?» ብለው። ይህን የሚያፍር ሠራተኛ ብዙ ነው።

---

ፀጥታ_ይከበር · ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ተመለስኩ። ሥልጠናው አለቀ። 14ቱም አልመጡም፣ 11 መጡ። @አበል_የት_አለ ግማሽ ስም ቀይር።

ሁሉንም አልዘረዝርም። ኢንተርኔት በሁለተኛው ቀን ስለጠፋ ፐብሜድ ወደ አራተኛው ተገፋ። በቦታው ሆሄውን አስገባን፣ ለሆሄ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የ47ቱ አዋጅ መልመጃ እንደተባለው ሆነ። ሁለት ቡድን ሁለት አዋጅ ነው ብሎ ተከራከረ፣ አንዷ ልጅ ተነሥታ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን እስክታስቀምጥ ድረስ። ልጅቷ ያቺ ሄራልዱን ያመጣችው ናት። ከ18ቱ ሪፈረንስ ውስጥ አምስቱን የሐሰት ሳይሳሳት ለይቶ ያወጣው አንድ ቡድን ብቻ ነው። ሌላው ቡድን ሰባት አገኘ፣ ሁለቱ ግን እውነተኛ ነበሩ። ደራሲው በአባቱ ስም ስለገባ ነው ያጡት። @ሆሄ_ለቃሚ ይኸው ድልህ።

ግን ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ሦስተኛው ቀን ነው።

ሪፈረንስ ኢንተርቪውን ልንለማመድ የውሸት ተገልጋዮች ያስፈልጉን ነበር። እርስ በርስ ስናደርገው ይስቃሉ። ስለዚህ የበር ጥበቃችንን ለመንኩት። «ዝም ብለህ የሆነ ነገር ጠይቅ» አልኩት። ገባ፣ ቆቡን አወለቀ፣ «ስለ ንብ መጽሐፍ አለ?» አለ። ተረኛው ሠልጣኝ ጎበዝ ነው፣ ወዲያው ሊነሣ ሲል ያዝኩት። ቁጭ አለ። «ስለ ንብ ምኑን?» አለ። «እንዲያው ስለ አያያዙ።» «ንብ አለህ?» «ነበረኝ።»

ነበረኝ ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሳቅ ቆመ።

ስምንት ቀፎ ነበረው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አጎራባቹ ማሳ ላይ ሽንኩርት ተተክሎ መድኃኒት ተረጨ። አምስቱ ቀፎ በሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነ። ግማሹ ሥሩ ሞቶ፣ ግማሹ ኮብልሎ። «መድኃኒቱ ነው» ቢል ባለ ማሳው «አስረጂ አምጣ» አለው። ሁለት ዓመት በላይብረሪ በር ላይ ቆሟል። ገብቶ ጠይቆ አያውቅም። ለእሱ የተሠራ ቤት አይመስለውም ነበር።

ልምምዱ ቀረ። 11 ሰው ወደ ሥራ ገባ። አንዱ የመድኃኒቱን ስም ከጥበቃው ስልክ ፎቶ ላይ አነበበ። ሁለቱ አጎራ ላይ ገቡ፣ መድኃኒቱ በንብ ላይ የሚያደርሰውን የሚናገር ጽሑፍ አገኙ። ያቺ ልጅ ሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ደወለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። በአማርኛ የተዘጋጀ ጽሑፍ ካላቸው እንዲልኩልን ጠየቀች። «እናያለን» አሏት። ሌላው እንግሊዝኛውን በአንድ ገጽ አማርኛ አድርጎ ጻፈለት፣ «ይህ የጥናት ቃል ነው፣ የፍርድ ቃል አይደለም» ብሎም አስረዳው። ጋሼ፣ ያንን ከእርስዎ ነው የወሰድነው።

---

የካርድ_ሳጥን · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡10

እሰይ ልጆቼ። ከማዕከሉ መልስ መጣ?

---

ፀጥታ_ይከበር · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡35

ገና ነው ጋሼ። መዝገቡ ላይ «ክትትል» የሚል ዓምድ ጨምረናል፣ የእሱ ጥያቄ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ትናንት ጠዋት በር ላይ ቦርሳዬን ሲፈትሽ «ያቺ ወረቀት ደረሰች?» አለኝ። ሰኞ ልጅቷ ደግማ ትደውላለች።